ሰባተኛው ድምፅ

መጋቢት 3

እትዬ፣

ደብዳቤሽ እጄ ከገባ ሦስት ሳምንት ሆነው። በልጅነቴ ባወጣሽልኝ ስም «ይሄ ሽቦ ወይ ታሟል ወይ ሳይነግረኝ አግብቷል» እያልሽ እንደሰነበትሽ አውቃለሁ። ሁለቱም አይደለም። ደህና ነኝ፣ ሚስትም የለችም። ያዘገየኝ ጥያቄሽ ነው። አንቺ በአንድ መስመር ጻፍሽው፤ እኔ ግን ሥራ ቦታም፣ መንገድ ላይም፣ ሻይ ሳፈላም ይዤው ስዞር ከረምኩ።

ይቻላል። ልጅሽ ሲያለቅስ ለጆሮሽ ሳይሆን ለእጅሽ የሚናገር ነገር መሥራት ይቻላል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሽ ያ ትኩሳት የወሰደብሽን መስማት ልመልስልሽ አልችልም፤ ይህን ግን እችላለሁ ብዬ አስባለሁ። «አስባለሁ» ያልኩት ስለፈራሁ ነው፣ ይቅር በይኝ። የእኔ ሥራ የአሳንሰር መቆጣጠሪያ ነው። አሳንሰር ሲሳሳት ሰውዬው በሦስተኛ ፎቅ ፈንታ አራተኛ ላይ ይወርዳል፣ ይሳደባል፣ በደረጃ ይመለሳል። ይሄኛው ሲሳሳት ምን እንደሚሆን ሳስብ ሻዩ እጄ ላይ ይቀዘቅዛል።

አሁን መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ቦርዶች አሉ። ቦርድ የምልሽ ከመዳፍ የማይበልጥ አረንጓዴ ሰሌዳ ነው። መሐሉ ላይ ጥፍር የምታህል ጥቁር ነገር ተቀምጣለች፤ ፕሮሰሰሯ እሷ ናት፣ የምታስበው። አንቺ ጥሩውን ጨርቅ ከመቁረጥሽ በፊት ልኬቱን በአቡጀዲ ትሞክሪ የለ? ቦርዱም እንደዚያው መሞከሪያ ነው። ሲሳካልን ፕሮሰሰሯን ብቻ ወስደን በልክሽ እንሰፋዋለን።

ትንሿ ቦርድ ድምፅ ከፍ ዝቅ ማለቱን ብቻ ታውቃለች። መካከለኛዋ ብታስተምሪያት የድምፁን ዓይነት ትለያለች ይላሉ። ትልቁ ደግሞ ኮምፒውተር ነው ማለት ይቻላል፤ ኢንተርኔት ይፈልጋል።

ከመምረጤ በፊት የት እንደምታደርጊው ንገሪኝ። ቤትሽ ውስጥ ምን ምን ድምፅ እንዳለም ጻፊልኝ። ደግሞ ለምንድን ነው እንዲህ የቸኮልሽው? ልጁ የሚወለደው ሐምሌ መጀመሪያ ነው ብለሽኛል። ደብዳቤሽ ግን በር እንደሚያንኳኳ ሰው ነው።

ወንድምሽ


መጋቢት 17

ሽቦዬ፣

በስልክ ተያይተን እናውራ ልትል ከሆነ፣ ተወው። ፊትህ እየተቆራረጠ ከንፈርህ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ባለፈው «ናፍቀሽኛል» ስትለኝ «ነፍሷል» ብዬ አንብቤ መስኮት ዘግቻለሁ። ወረቀት አይቆራረጥም፤ ደግሞ ትራስ ሥር ይገባል።

የቤቱን ድምፅ የምትጠይቀው ማንን ነው፣ አንተ ሞኝ? እኔ የማውቀው የስፌት መኪናዬን በእግሬ፣ የግቢውን የብረት በር በደረቴ ነው። ሌላውን ባሌ እንዲጽፍልኝ ለመንኩት። ቅዳሜ የቀለም ልብሱን እንደለበሰ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እርሳስ ይዞ፣ ከሰዓቱን ሙሉ ሲያዳምጥ ዋለ። ሃያ ሦስት ድምፅ ቆጠረ። ሃያ ሦስተኛው ላይ እየሳቀ «እኔ» ብሎ ጻፈ። ለካ ግድግዳ ሲቀባ ያንጎራጉራል። አሥራ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር አላውቅም ነበር። አሁን ሲቀባ ጀርባውን እያየሁ ምን እያለ ይሆን እላለሁ።

የት ታደርጊዋለሽ ላልከው፣ እጄ ላይ። ሕልም አያለሁ፣ ሰሞኑን በቀንም ቢሆን ጋደም ስል ያው ሕልም ነው የሚመጣልኝ። ቤቱ በውሃ ተሞልቷል፤ ለብ ያለ፣ ብርሃን ያለበት ውሃ። ጨርቆቼ ሁሉ እንደ ዓሣ ይዋኛሉ። ልጁ ከወዲያኛው ክፍል ሲያለቅስ ውሃው ይርገበገባል፣ ያ መርገብገብ ቀስ ብሎ መጥቶ ክንዴን ይነካኛል፣ እነሣለሁ። ድንጋጤ የለውም። እንደዚያ ያለ ነገር ስጠኝ።

በትንሿ ጀምር። ብዙ የማታስብ ነገር ብዙ አትበላሽም።

ለምን ቸኮልሽ? እርጉዝ ሴት ትቸኩላለች። ሌላ ምን አለ።

እህትህ


ሚያዝያ 1

እትዬ፣

ባልሽ ማንጎራጎሩን ሳነብ ሥራ ቦታ ባዶ አሳንሰር ውስጥ ነበርኩ። ብቻዬን ስስቅ በሩ ተከፍቶ አለቃዬ ቆሟል። «ምን አገኘህ?» አለኝ። «ሃያ ሦስተኛ ድምፅ» አልኩት። በደረጃ ሄደ።

እንዳልሽው በትንሿ ጀመርኩ። ጥቅሉን ስትፈቺ የእጅ ሰዓት ማሰሪያ ላይ የተሰፋች ቁራጭ ታገኛለሽ። የሰፋኋት እኔ ነኝ፣ እንዳትስቂ። ድምፅ ከፍ ሲል ውስጧ ያለች ሞተር እንደ ስልክ ትንቀጠቀጣለች። የምን ድምፅ እንደሆነ አይገባትም። የደረት ስፋት ብቻ ለክቶ ሙሉ ልብስ እንደሚሰፋ ሰው ናት። ሳምንት አድርጊያትና የሆነውን ጻፊልኝ።

ስለ ችኮላሽ የሰጠሽኝን መልስ አላመንኩም። ግን አልገፋሽም።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 15

ሽቦ፣

ምን ልበልህ፣ ሁሉ ነገር ልጅ ሆኖብኛል። በር ሲዘጋ ልጄ ያለቅሳል። ባሌ ሲያስነጥስ ልጄ ያለቅሳል። ጎረቤቴ ምንጣፍ ስታራግፍማ መንታ ወልጃለሁ። የስፌት መኪናውን ስረግጥ እጄ ራሱ የስፌት መኪና ሆኖ አንድ እጀታ ጠማማ ሰፋሁ፤ ደንበኛዬ አዲስ ፋሽን መስሏት ወደደችው። ማክሰኞ ደግሞ ስትንቀጠቀጥብኝ ቤቱን ዞሬ ዞሬ ምንም አጣሁ። ለካ እኔው ነኝ እያወራሁ የነበርኩት። ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። እንደማወራ ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

እሺ፣ ችኮላው። ልደብቅህ አስቤ ነበር፣ አልቻልኩም።

ጥር ላይ አማቴ መጡ። ከንፈራቸውን እንዳነብ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው፣ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ሕፃኑ እስኪጠና አንድ ዓመት እኔ ጋ ይቆይ። አንቺ ቀን ቀን እየመጣሽ ጡት ትሰጪዋለሽ» አሉኝ። ክፉ ሴት አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። «እኔ እናቱ እያለሁ?» አልኳቸው። «እናቱማ ነሽ፣ ግን አትሰሚውም» አሉኝ፤ እንዲህ ሲሉ ዐይናቸው እንባ አቅርሯል። ባሌን አየሁት። ጫማው ላይ የደረቀ ቀለም እየፋቀ ነበር። «እስኪ እናያለን» አለ።

ሽቦዬ፣ ይሄ ነገር ካልሠራ ልጄ ከእኔ ጋር አያድግም። ችኮላዬ ይኸው።

እህትህ


ሚያዝያ 24

እትዬ፣

ስለ ባልሽ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ስለዚህ እሱን እዚህ አታገኚውም።

ትንሿን ጣያት። አሁን መጫወቻ ጊዜ አይደለም፤ ትልቁን ልኬልሻለሁ። የቤቱን ድምፅ ሰምቶ በኢንተርኔት ሩቅ ላለ ኮምፒውተር ይልካል። ያኛው በሚሊዮን የሚቆጠር ድምፅ የሰማ ነው፤ «በር ነው» ወይም «ልጅ ነው» ብሎ ይመልሳል፣ ከዚያ እጅሽ ይንቀጠቀጣል። አማትሽ ስልክ ላይም መልእክት እንዲገባ ማድረግ እችላለሁ። እሳቸውም ቤታቸው ሆነው ያውቃሉ፣ ልባቸው ያርፋል፤ ልጁም አንቺ ጋ ይቀራል። ሁሉም ደስ ይለዋል።

እዚህ ሞክሬዋለሁ። የታችኛው ቤት ሕፃን ሲያለቅስ አንዴም አልሳተም። ሰካ አድርጊው፣ የቀረውን በወረቀቱ ላይ በቁጥር ጽፌልሻለሁ።

እንዲህ ያለ ነገር ብቻሽን ይዘሽ መሰንበትሽ አንጀቴን በላው። ሁለተኛ እንዳትደብቂኝ።

ወንድምሽ


ግንቦት 3

ሽቦዬ፣

ትልቁ ደረሰ፣ ሰካሁት። ይሞቃል፤ ጨርቅ መተኮሻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱም አብሮ ጠፋና ጠረጴዛዬ ላይ እንደ ጡብ ቁጭ አለ። ግን አልፈልገውም የምልህ በዚህ አይደለም።

ልጄ ሲያለቅስ ልቅሶው መጀመሪያ ወደማላውቀው አገር ሄዶ፣ እዚያ «ልጅ ነው» ተብሎ ተፈርዶለት፣ በአማቴ ስልክ ዞሮ ወደ እኔ እንዲመጣ አልፈልግም። ከልጁ አልጋ እስከ ስፌት መኪናዬ አምስት እርምጃ ነው፤ ለክቼዋለሁ። አምስት እርምጃዋን ብቻ ይሂድ። አማቴ ቀድመው የሚያውቁት ልቅሶ ከሆነማ ልጁ እሳቸው ቤት ቢያድግ ምን ለውጥ አለው? ሁሉም ደስ ይለዋል አልክ። እኔን ስትቆጥር ዘለልከኝ።

መካከለኛዋስ? በመጀመሪያው ደብዳቤህ አንድ መስመር ወረወርክላትና ከዚያ ወዲህ ስሟን አላነሣህም። አንተን አሳድጌሃለሁ፤ የምትዘለው የምትፈራውን ነው።

አታኩርፍ። ትልቁን ባሌ ሬዲዮ አደርገዋለሁ እያለ ነው።

እህትህ


ግንቦት 12

እትዬ፣

አላኮረፍኩም። ሁለት ቀን ዝም አልኩ እንጂ።

እውነትሽን ነው፣ ፈርቻት ነው። በትንሿ ብሳሳት «ቦርዷ ደደብ ናት» እላለሁ። በትልቁ ብሳሳት «ኢንተርኔቱ ነው» እላለሁ። መካከለኛዋን ግን የማስተምራት እኔ ነኝ፤ እሷ ስትሳሳት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ማመካኛ የላትም።

አሁን ግን ወድጃታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ትተኛለች፤ የተሠራችው እንደዚያ ነው። ውስጧ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ብቻ ነቅታ ታዳምጣለች። ድምፅ ሲመጣ ቀሪውን ፕሮሰሰር ቀስቅሳ «ይሄ ልጅ ነው?» ትለዋለች። ካልሆነ ሁለቱም ተመልሰው ይተኛሉ። ስለዚህ በአንዲት ትንሽ ባትሪ ሳምንታት ትቆያለች፣ መብራት ቢጠፋም ግድ የላትም። እሑድ ከሰዓት ፀሐዩ ጠረጴዛው ላይ ወድቆ፣ ታች የታጠበ ልብስ በነፋስ እየተነፋ፣ እሷን ስፈትን እኔም አንቀላፋሁ። የጎረቤት ሕፃን አለቀሰ መሰለኝ፣ ቀድማኝ ነቅታ መብራቷን ብልጭ ስታደርግ ነው የነቃሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ ያለ መሰለኝ።

የምትማረው ከምሳሌ ነው። ከዚህ ጋር መቅጃና ሚሞሪ ካርድ ልኬያለሁ። የልጆች ልቅሶ ቅጂልኝ፣ በቁጥር ለይተሽ። ደግሞ እንዳትነቃበት የምንፈልገውን ሁሉ፦ መኪናሽን፣ በሩን፣ ድመቷን። እዚህ ያሉት የሥራ ባልደረቦቼም የልጆቻቸውን እየቀዱልኝ ነው። ነገር ግን የእናንተ ቤት አየር ያስፈልገኛል።

ያለፈው ጽሑፍሽ መስመሩን ለቆ ወደ ታች ይወርዳል። ደህና ነሽ?

ወንድምሽ


ግንቦት 28

ሽቦዬ፣

ጽሑፌ የወረደው ተጋድሜ ስለምጽፍ ነው። ሐኪሟ እረፍት አድርጊ ብላኝ ነው፤ አትጨነቅ።

ካርዱ ውስጥ ሰባት ልቅሶ አለ። ስድስቱን ባሌ ነው ዞሮ የለቀመው። የጎረቤት መንትዮች፣ የደንበኛዬ ልጅ፣ ሦስቱ ደግሞ ከክትባት ሰልፍ ናቸው። ሰልፉ ላይ ኪሱ ቀለም የነካው ሰውዬ መቅጃ ይዞ ሕፃን ሕፃኑን ሲከተል አስበው። ዘበኛው ይዞት «ምን ፈልገህ ነው?» ሲለው፣ «ባለቤቴ እንድትሰማ ነው» አለው። እንዲህ ብሎ ሲነግረኝ ከንፈሩን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ስለ እሱ የቀደድከውን ገጽ መቅደድህ ጥሩ ነው።

ሰባተኛውን እኔ ራሴ ቀዳሁት። አጭር ነው፤ ከዚያ በላይ አልፈቀዱልኝም።

የቀሩት መኪናው፣ በሩ፣ ድመቷ፣ የባሌ እንጉርጉሮ ናቸው። ምን ያህል ጥሩ እንደተቀዱ አላውቅም። እኔ ያየሁት የመቅጃውን ቀይ መብራት ብቻ ነው። አንተ ሰምተህ ንገረኝ።

እህትህ


ሰኔ 8

እትዬ፣

ደስ ይበልሽ! ትምህርቱን ጀምራለች፣ ጎበዝ ናት። የመንትዮቹ ልቅሶ ጥርት ያለ ነው። ከሰልፉ ላይ የተቀዱት ሲጀምሩ የእኔንም አሳንሰር ያስቆማሉ። የባልሽንም እንጉርጉሮ ሰማሁ፤ ድምፁ መጥፎ አይደለም፣ ዜማው ግን የት እንደሚሄድ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሰባተኛው ግን የልጅ ልቅሶ አይደለም። ዘይት የጠማው የበር ማጠፊያ ይመስላል፣ ወይም ሩቅ ያለች ወፍ። ከኋላው የሆነ ማሽን ቲክ ቲክ ይላል። መቅጃው ቦርሳሽ ውስጥ እያለ በስሕተት ተከፍቶ ይሆናል፣ ያጋጥማል። ከበሩና ከድመቷ ጋር፣ እንዳትነቃበት ከምንፈልገው ክምር ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ጥሩ መፈተኛ ሆነኝ እንዲያውም፤ ሃያ ጊዜ ባሰማት አንዴም አልነቃችም።

ሐምሌ ሳይገባ ትደርስልሻለች። አንቺ ብቻ እረፍትሽን አድርጊ።

ወንድምሽ


ሰኔ 16

ሽቦ፣

ሰባተኛውን መልሰህ አስገባው። ልጄ ናት።

ግንቦት 21 ተወለደች፣ ከቀኗ ስድስት ሳምንት ቀድማ። ሴት ናት። ክብደቷ ከካውያዬ ያንሳል። ቲክ ቲክ የሚለው የማሞቂያው ክፍል መሣሪያ ነው፤ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ናት፣ አፍንጫዋ ላይ ቀጭን ቱቦ አለ። ዛሬ ቱቦውን አንሥተውላታል። ስለዚህ ነው ዛሬ የምጽፍልህ።

ለምን አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። ብነግርህ ሥራህን ጥለህ ትመጣ ነበር፤ መጥተህ ከእኛ ጋር ከመስታወት ውጭ ከምትቆም እዚያ ተቀምጠህ ብትጨርስልኝ ይሻላል አልኩ። ይሄ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ስጽፈው የሚበላሽ መሰለኝ።

ሦስተኛው ቀን ላይ አፏን ስትከፍት አየኋት። ፊቷ ሁሉ ተጨማደደ። ነርሷን «ድምፅ አላት?» አልኳት። «አላት፣ ግን ቀጭን ነው» አለችኝ። ቀጭን ድምፅ ምን እንደሚመስል ማስታወስ አቃተኝ። መቅጃውን ለምኜ በመስታወቱ ቀዳዳ አስገባሁት፣ ቀይ መብራቱን እያየሁ ያዝኩት። ለቦርዷ ትምህርት ብዬ እንዳይመስልህ። አንተ ሰምተህ «እትዬ፣ ሰባተኛው የማን ነው? እንዲህ እንዲህ ያለ ድምፅ ነው» ብለህ እንድትጽፍልኝ ነበር። ባሌን በየቀኑ ፖስታ ቤት የላክሁት ለዚያ ነው።

አልተቆጣሁህም ብል እዋሻለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፌህ ነበር፤ አንተ አላወቅህም እንጂ። ከዚያ ነርሷን ጠየቅኋት፤ «እውነት ነው፣ የበር ማጠፊያ ትመስላለች» ብላ ሳቀች። አብረን ሳቅን። ከወለድኩ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ልጅቷ ቤት ስትገባ አማቴ መጥተው ሦስት ቀን አብረውን ሊቀመጡ፣ ከዚያ ሊወስኑ ነው። አሁን ንገረኝ። ድምፅዋ ምን ይመስላል?

እህትህ


ሰኔ 24

እትዬ፣

ዛሬ ሥራ አልገባሁም። መስኮቱን ዘግቼ እሷን ሳዳምጥ ነው የዋልኩት። ይቅርታ ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሦስቱም አልበቃ አለኝ። ቦርዷን ያስተማርኳት እኮ ለእህቴ ልጅ እንዳትነቃ ነው።

ድምፅዋ ይኸውልሽ። ቀጭን ክር በወፍራም ጨርቅ ውስጥ ሲሳብ ጣትሽ ላይ የሚሰማሽን ታውቂዋለሽ፤ መጀመሪያ ያዝ ያደርጋል፣ ከዚያ ለቀቅ። እንደዚያ ነው። ሦስት ጊዜ ታለቅሳለች። ከሁለተኛው በኋላ ትንፋሽ ትስባለች፣ ትንፋሿ ከልቅሶዋ ይረዝማል፤ እዚያ ላይ እኔም አብሬያት ትንፋሼን እይዛለሁ። ሦስተኛው ላይ አታዝንም፣ ትናደዳለች። የሆነ ሰው አስጠብቋት የመጣ ይመስል። አንድ ጊዜ ለይተሽ ካወቅሽው በር አይመስልም፤ እንዴት በር እንዳልኩት አሁን አይገባኝም።

ከክምሩ አውጥቼ ቦታዋ መልሻታለሁ፤ ሁሉንም ከመጀመሪያው አስተማርኩ። ግን አንድ ነገር ገባኝ። ማይክሮፎኑ እጅሽ ላይ ከሆነ በመኪናሽ ጩኸት ይዋጥና እሷን አይሰማትም። ስለዚህ ሁለት አደረግኳቸው። ማይክሮፎኑና ፕሮሰሰሯ ልጅቷ አልጋ ላይ ይተኛሉ፤ እጅሽ ላይ የምትንቀጠቀጠው ብቻ ትቀራለች። በመሐላቸው ከአንድ ክፍል የማያልፍ ደካማ ሬዲዮ አለ። የትም አይሄድም፣ የማንም ስልክ ላይ አይደርስም።

ከሃያ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ትነቃለች። ሃያኛው ለምን እንደሚያመልጣት እየፈለግኩ ነው፣ አላገኘሁትም። ለአማትሽ ፊት ለፊት ንገሪያቸው፤ እንዳትደብቂ። ፈቃድ የሚሰጡኝ መስከረም ላይ ነው፤ እመጣለሁ።

አጎቷ


ነሐሴ 9

ሽቦዬ፣

ቤት ነን። ሐምሌ 22 ገባን። እጄ ላይ ያለችው መንቀጥቀጧ ልዝብ ነው፣ እንዳልኩህ ያለ ድንጋጤ።

አማቴ ሰኞ መጡ። አሥራ ዘጠኙንም፣ የሚያመልጣትን ሃያኛውንም ነገርኳቸው። አልጋዋ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ መኪናዬ ላይ። የመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ አለቀሰች፣ አራት ጊዜ ተነሣሁ። ሁለተኛው ቀን ላይ ባሌ ሲነግረኝ እሳቸው በልቅሶዋ መጀመሪያ መቁጠር ይጀምራሉ፤ እኔ እስክነሣ ከአራት አልፈው አያውቁም። ሊነሡ እየፈለጉ ጉልበታቸውን በእጃቸው ይዘው ነው አለኝ።

ሦስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ መጋረጃው ላይ ፀሐይ ነበረች። የአንገት ልብስ እየዘመዘምኩ ዞር ስል አማቴ ቆመው አየኋቸው። ልጅቷ ፊቷ ቀልቷል። እጄ ዝም ብሏል።

ሃያኛው ነው አልኩ በሆዴ። አበቃ። መቀሱን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም፣ ሮጬ አነሣኋት። አማቴ ግን እኔን አያዩም። ብርድ ልብሱን ገለጡ። ማይክሮፎኑን ሸፍኖት ነበር። ፈትተው ከአንሶላው ላይ አነሡትና ከአልጋው የእንጨት ጠርዝ ላይ፣ ወደ ራስጌዋ፣ በጨርቅ ቁራጭ አሰሩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ቀስ ብለው፣ ከንፈራቸውን እያሳዩኝ፣ «አፏ በዚህ በኩል ነው» አሉኝ።

ቁጭ አልን። ልጅቷን ሰጠኋቸው። እሷን እያዩ ሲናገሩ ከንፈራቸውን አልያዝኩትም፤ ቀና በሉልኝ አልኳቸው። ቀና አሉ። ለካ ባሌ ሳይወለድ አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ ባሌም አያውቅም። ልብስ ሊያሰጡ ግቢ ወጥተው፣ ከጎረቤት ጋር ትንሽ ቆም ብለው፣ ሲመለሱ ልጅቷ በአንሶላው ታፍና ነበር። «ጆሮ ነበረኝ እኮ» አሉኝ። «ሁለት ደህና ጆሮ ነበረኝ።»

 እጃቸውን ይዤ ቆየሁ። ቀኑ ሳይመሽ ሄዱ። በማግሥቱ ለልጅቷ ብለው ቤታቸው ያስቀመጡትን አልጋ በጋሪ አስጭነው ላኩልን። ባሌ በሩ ላይ ቆሞ አየው፣ ከዚያ ፍራሹን ተሸክሞ ገባ። ስለ አንድ ዓመቱ ያነሣ ሰው የለም።

ብርድ ልብሱን ንገሪው ብለውኛል አማቴ። የምትፈልገው ሃያኛ እሱ ሊሆን ይችላል።

እህትህ


ጥቅምት 5

ሽቦዬ፣

በሄድክ በሳምንቱ ደብዳቤህ ደረሰ። አልጋዋ አጠገብ ተኮራምተህ ያንቀላፋህበት ወንበር አሁንም እዚያው ነው፤ ባሌ ሰማያዊ ቀብቶታል።

አዲስ ስለወጣችው ፕሮሰሰር የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የልጅቷን የረሃብ ልቅሶ ከእንቅልፉ፣ የሕመሙን ከቁጣው እንደምትለይ፣ ልጅቷ ስትስቅም ለብቻው በሌላ ዓይነት እንደምትነግረኝ። ቦርዷን ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጠህ መልሴን እንደምትጠብቅም ገብቶኛል። ብትቆጣም አትላክልኝ። ምክንያቱን ልንገርህ።

ትናንት ከሰዓት ነጭ ጨርቅ እየቆረጥኩ ነበር። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ጨርቁ በነፋስ ከፍ ሲል ጥላው ግድግዳው ላይ ይወጣል፣ ዝቅ ሲል ይወርዳል። ቀና ስል ልጅቷ አፏን በሰፊው ከፍታለች። ዐይኗ ጠብቧል፣ ሆዷ ይነሣል ይወድቃል፣ እግሯ ይራገጣል። ልክ ስታለቅስ እንደማያት። እጄን አየሁ። ዝም ብሏል። ማይክሮፎኑን አየሁ፣ ምንም የሸፈነው የለም። ባትሪውን ከትናንት ወዲያ ነው የቀየርኩት። 

ጠጋ ብዬ ፊቷን ሳይ ግድግዳውን ነው የምታየው። ጥላው ወጣ፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ጥላው ወረደ፤ እኔን አየችኝ፣ እንደገና አፏ ተከፈተ። መካከለኛዋ ሰምታታለች፣ መዝናለች፣ «ይሄ ልቅሶ አይደለም» ብላ ተመልሳ ተኝታለች። እኔ ብቻ ነኝ እዚያ ቆሜ የቀረሁት፣ አንድ እጄ ላይ ጨርቅ፣ ሌላው ላይ መቀስ ይዤ፣ ልጄ እየሳቀች መሆኑን ቀስ በቀስ እያወቅሁ።

ማንም አልነገረኝም። አየህ፣ ይሄኛውን ማንም አልነገረኝም።

ያን ቀን ሌላ ስፌት አልሠራሁም። ጨርቁን ሁለት ጫፉን ይዤ እስኪመሽ ሳነሣና ሳወርድ ዋልኩ።

እህትህ